ሁለተኛው ካሚዮን

ካሚዮን ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ ከሶዶ ወደ ቦዲቲ ስንሄድ ካሚዮኗ በጫነችው ጆንያ ላይ ተቀምጠን ነበር። አጠገቤ ኩታ የደረቡ የከተማ ሰው፣ ከፊታቸው የእንሰት ችግኝ ያቀፉ አንዲት አሮጊት ገበሬ ነበሩ።

«ችግኙን ወዴት ነው እናቴ?» አሏቸው ሰውዬው።

«ለጓሮዬ ነው ጌታዬ። የመንገዱን ዳር እንሰት ለቆጮ ፍቄ ጨረስኩት። አዲሱን ሃያ እርምጃ ወደ ኋላ እተክላለሁ።»

«መንገዱ ነካብሽ እንዴ?»

«ገና ነው።»

«ታዲያ ምን አስቸኮለሽ?»

«እንሰት ለመፋቅ እስኪደርስ ስድስት ሰባት ዓመት ይፈልጋል። እስከዚያ መንገዱ ይሰፋል።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝ። ይቺ መኪና ብቻዋን መንገዱን ሞላችው። ከወዲያ ሌላ ሲመጣባት በየት ያልፋል?»

ሰውዬው ከት ብለው ሳቁ። «አዬ እናቴ! እዚህ አገር ያለችው መኪና ይቺው አንዲቷ ናት። ከማን ጋር ትገናኛለች?»

«የእናንተ ሰዎች ወደ አገራችን ሲዘምቱ ልጅ ነበርኩ ጌታዬ። መጀመሪያ ያየሁት አንድ ፈረሰኛ ብቻ ነው።»

ሰውዬው ሳቃቸውን ዋጡ። ወደ አሮጊቷ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሃያ እርምጃ ይበቃል ትያለሽ?»

«ለእኔ ዕድሜ ይበቃል። የልጄን ቤት ግን አርባ ቆጥሬ ነው ያስተከልኩት።»

«አቤት አምላኬ!» አሉ ሰውዬው።

እኔም መንገዱን ተጠግቼ ያቆምኩት አዲሱ ቤቴ ከሩቅ ብቅ ሲል፣ ከአጥሩ እስከ መንገዱ ያለውን እርምጃ በዓይኔ መቁጠር ጀመርኩ።