ለሕክምና የተባለው የሞምባሳ ጉዟችን

በእኛ ጊዜ፣ ልጆች፣ ሰው ውጭ አገር የሚሄደው ወይ ለትምህርት ነው፣ ወይ ለሥራ ነው፣ ወይ ደግሞ እዚህ አይቻልም ተብሎ ለሕክምና ነው። አራተኛ የለም። «ለመዝናናት ሄዱ» የሚባል ነገር ሶዶ ላይ ተሰምቶ አይታወቅም። አሁን አንቺ ምሕረት «ከሠርጋችን በኋላ ዛንዚባር እንሄዳለን» ስትይ እናትሽ «ጃኬት ያዢ» ከማለት ሌላ ምንም አላለችሽም። እኛ ግን በሄድን ጊዜ እኔን ቀብረውኝ ነበር። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው፣ በቁሜ ነው የቀበሩኝ።

ማቴዎስ፣ ያው እዚያ ጋ ጋዜጣ ይዞ ያልሰማ የሚመስለው ባሌ፣ ያኔ የእርሻ ባለሙያ ነበር። ሥራው ስኳር ድንች ነው። በዴሳ ነው፣ ቢጠና ነው፣ ሃላሌ ነው፣ በየገጠሩ በሞተር ሲዞር ይውላል። እኔ አስተማሪ ነኝ፣ አራተኛ ክፍል። ዞናችን ራሱን ከቻለ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፣ ሞባይል ገና ኃላፊዎች እጅ ላይ ብቻ ነው። ታዲያ አንድ ቀን ከሥራ ይመጣና አቧራውን ሳያራግፍ፣ «ዘነበች፣ ናይሮቢ ስልጠና ደረሰኝ፣ አምስት ቀን ነው» ይለኛል።

«እሰይ፣ በሰላም ተመለስ» አልኩት።

«አይ፣ አንቺም ትሄጃለሽ።»

«እኔ ምን ልሠራ?»

«ምንም።»

«ምንም ላልሠራ ኬንያ ድረስ?»

«ከስልጠናው በኋላ የዓመት ፈቃዴን እጨምርና ሞምባሳ እንወርዳለን፣ ባሕር እናያለን። ሃያ አምስት ዓመት አብረን ስንኖር አብረን ከሻሸመኔ ማዶ ሄደን አናውቅም» አለኝ።

ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ በሰማያዊ ጠመኔ ውቅያኖስ ስዬ ለልጆች ሳስተምር አንድ ቀን ባሕር አይቼ አላውቅም። ክረምት ነው፣ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ዕቁባችንም በዚያው ሰሞን ወጥቶልን ለቲኬቴ ሆነ። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ይሄ ሰውዬ መንገድ ላይ ሁልጊዜ ዐሥር እርምጃ ቀድሞኝ የሚሄድ ሰው ነው። ጫማ ስጠይቀው «ያለሽ ምን ሆነ?» የሚል ሰው ነው። ዛሬ ባሕር ላሳይሽ ይላል?

እና ደግሞ ከሁለት ሳምንት በፊት ሆዴን አሞኝ ተመርምሬ ነበር። ውጤቱን እሱ ነው ሄዶ የተቀበለው፣ እኔ ክፍል ነበረኝ። «ምን አሉ?» ስለው፣ «ጨጓራ ነው፣ ያን የሚያቃጥል ዳጣ ተዪ ብለዋል» አለኝ።

አሁን ይሄን ስሙኝ። እናቴ በታመመች ጊዜ ሐኪሙ ለእኛ ለልጆቿ ነው የነገረን። ለእሷ አልተነገራትም። ለበሽተኛ ማን ይናገራል? «ጨጓራ ነው እማዬ» አልናት። እኔ ነኝ ያልኳት፣ በዚህ አፌ። ሐኪሙ «ደስ የሚላትን አድርጉላት» ብሎን ስለነበር አደረግንላት፤ አዲስ ልብስ አለበስናት፣ ሐይቅ አይታ አታውቅም ነበርና አርባ ምንጭ ድረስ ወስደን አሳየናት። በአራተኛው ወር ሞተች። ታዲያ ባሌ «ጨጓራ ነው» ብሎኝ ሲያበቃ «ባሕር ላሳይሽ» ሲለኝ እኔ ምን ላስብ? እናንተ ብትሆኑ ምን ታስቡ ነበር?

ቢሆንም መጀመሪያ ላይ ገፋሁት፤ ተይ ዘነበች፣ ክፉ አታስቢ አልኩ። ነገሩን ያበላሸው የፈቃዱ ወረቀት ነው። ማቴዎስ ኃላፊው ጋ ይገባል። «ከባለቤቴ ጋር ነው የምሄደው» ይላል። «ከባለቤትህ ጋር? ለምን?» ይላል ኃላፊው። «ለእረፍት» ይላል የእኔው። ኃላፊው መነጽሩን አወለቀ አሉ። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ለእረፍት» አለ ቀስ ብሎ። «ገባኝ ማቴዎስ፣ ገባኝ። አትንገረኝ። አይዞህ።» እና እዚያው ፈረመለት! ልጆች፣ ያኔ የዓመት ፈቃድ እንዲህ አይፈረምም፤ «ግምገማ አለብን፣ ከግምገማው በኋላ ና» እየተባለ ወር ይፈጃል። ታዲያ ይሄ ሰውዬ «ኧረ ባለቤቴ አልታመመችም» ማለት ሲገባው ወረቀቱን ይዞ ዝም ብሎ ወጣ።

(አቶ ማቴዎስ ከጋዜጣው ሥር፦ «ፊርማ ካገኘሽ በኋላ ምን ትከራከሪያለሽ?»)

ስሙት! ይሄው ነው እንግዲህ። ያ ኃላፊ ለጸሐፊዋ ነገራት፣ ጸሐፊዋ ለእድሩ፣ እድሩ ለከተማው። ጎረቤታችን አስቴር ለጋ ቅቤ ይዛ መጣች፣ ቁጭ አድርጋ ራሴን ቀባችኝ፣ ስትቀባኝ እንባዋ አንገቴ ላይ ጠብ ጠብ ይላል።

«አስቴር፣ ምን ሆንሽ?»

«ጭሱ ነው እቴ።»

የምን ጭስ? ግቢ ነው የተቀመጥነው!

ታላቅ ወንድሜ ከበዴሳ ጠቦት ይዞ በሚኒባስ ደረሰ። «ጠቦቱ ለምንድን ነው?» ስለው፣ «እንዲያው፣ ዓይንሽን ልየው ብዬ ነው» አለኝ። ከእሱ ጋር በአባታችን መሬት ስንት ዓመት ተኳርፈናል። «መሬቱን ተይው፣ የአንቺ ይሁን፣ ምን ያደርግልናል፣ ዓለም ከንቱ ናት» አለ። ወንድሜ! ዓለም ከንቱ ናት! ለአንድ ጥማድ ሽማግሌ ሲያደክም የኖረ ሰው!

ይሄም አልበቃ፣ ለመንገድ ሻሽ ልገዛ ሱልጣን ሱቅ ገባሁ። ሱልጣንን አታውቁትም እናንተ፤ የስልጤ ሰው ነው፣ ደግ ነው፣ ግን ነጋዴ ነው፣ ትንሽ ቀንስልኝ ስትሉት «ወላሂ አላተረፍኩበትም» ብሎ የሚምል። ያን ቀን ሻሹን አጣጥፎ በወረቀት ጠቀለለና፣ «ውሰጂ እትዬ ዘነበች፣ ስጦታ ነው። አላህ አፊያ ያድርግሽ» አለኝ። እዚያ ላይ ነው መሞቴን ያመንኩት። ሱልጣን በነፃ የሚሰጣት ሴት እንግዲህ ምን ዕድሜ አላት?

ሄድን። ናይሮቢ ላይ እሱ ጠዋት ጠዋት ስልጠና ይገባል፣ እኔ ማረፊያ ቤት እቀራለሁ። በሁለተኛው ቀን ሻንጣውን በረበርኩ። የሐኪሙን ውጤት ነበር የፈለግኩት። እሱን አላገኘሁም፣ የፈቃዱን ደብዳቤ አገኘሁ። «ባለሙያው ከባለቤታቸው የጤና ሁኔታ ጋር በተያያዘ የዓመት ፈቃዳቸውን በውጭ አገር እንዲያሳልፉ የተፈቀደላቸው መሆኑን እንገልጻለን» ይላል። ክብ ማህተም አለበት። እናንተ ማህተም ምን እንደነበር አታውቁም። ሰው ሊዋሽ ይችላል፣ ጎረቤት ሊያወራ ይችላል፣ ማህተም ያረፈበት ግን አለቀ፣ ደቀቀ።

አጥፌ መለስኩት። ከሰዓት ሲመጣ «ስልጠናው እንዴት ነበር?» አልኩት እንጂ ሌላ ቃል አልወጣኝም። ያወቀም በሽተኛ ዝም ነው የሚለው፣ እነሱ እንዳይጨነቁ። እናቴም አውቃ ዝም ብላን ኖሯል ብዬ ያሰብኩት ያኔ ነው። ያ ከራሴ ሞት ይልቅ አስለቀሰኝ።

ሞምባሳ ደረስን። ባሕሩ ዳር አቆመኝና፣ «እንዴት ነው?» አለኝ።

«ጥሩ ነው።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

«ጨዉ ዓይኔ ገባ።»

አዲስ ጫማ ገዛልኝ፣ መንገድ ላይ አብሮኝ ጎን ለጎን ሄደ፣ እጄን ያዘኝ። በያዘኝ ቁጥር የቀረኝን ቀን እቆጥራለሁ። በሦስተኛው ቀን ከዚህ በላይ አልቻልኩም፣ ምግብ ቤት ተቀምጠን ዓሣ እየበላን፣ «ማቴዎስ፣ ከእኔ በኋላ ብቻህን እንዳትቀመጥ» አልኩት።

«ከአንቺ በኋላ የት?»

«ሚስት አግባ። ልጆቹ አይቀየሙህም፣ እኔ ጽፌላቸው እሄዳለሁ። ብቻ የአስቴርን እህት እንዳታገባ፣ እጇ አባካኝ ነው፣ በወር ቤቱን ታራቁተዋለች።»

ሹካውን አስቀመጠ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት፣ ቅቤውን፣ ጠቦቱን፣ ሱልጣንን፣ ማህተሙን። ፊቱ ቀላ። «ኃላፊው ራሱ ነው የጻፈው! እኔ ዝም አልኩ እንጂ አንድ ቃል አልጨመርኩም። ጨጓራ ነው ዘነበች፣ በእግዚአብሔር ስም፣ ጨጓራ ነው!» አለ። እኔ ራሴን ነቀነቅኩ። «እኔም ለእናቴ ምያለሁ» አልኩት። በልጆቹ ማለ። «እኔም በልጆቼ ምያለሁ» አልኩት። ምን ያድርግ? የሚደብቅም እንዲያ ነው የሚምለው፣ የማይደብቅም እንዲያ ነው የሚምለው። ዓሣውን ትተን ወጣን።

በማግስቱ፣ አራተኛው ቀን ነው፣ እሱ ወደ ገበያ ወጥቶ ነበር። መታጠቢያ ቤት ውስጥ የስኳር ድንች ሐረግ አስቀምጧል፤ አዲስ ዝርያ ነው፣ ውስጡ ብርቱካንማ የሆነ፣ ከስልጠናው ከነአገር ማስገቢያ ፈቃዱ የሰጡት። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ በቀን ሁለቴ ያየዋል፣ እንደ አራስ ልጅ። ያን ጠዋት ታዲያ ጨርቁን ብነካው ደርቋል። ቧንቧውን ብከፍተው ውሃ የለም። እኔ ደግሞ ለአስቴር ላሳያት ብዬ ከባሕሩ ውሃ በፕላስቲክ ቀድቼ ይዣለሁ። ይሄ ሰው ለእኔ ስንት ደከመ፣ ሐረጉስ ለምን ይሙትበት ብዬ ያን አፈሰስኩበት። ጨው መሆኑን አውቃለሁ፣ አስተምሬዋለሁ። ግን እኛ አገር ከብት ጨው ሲልስ ይወፍራል፣ ጠጉሩ ያበራል። ተክል ይጎዳል ብዬ በምን ልጠርጥር?

ከሰዓት ገባ። ሐረጉን አየ። ቅጠሉ ተኮማትሯል። ጨርቁን አነሳና በምላሱ ነካ አደረገው።

ከዚያማ ልጆች! «አንቺ ሴትዮ!» አለ። «አብደሻል? ጨው? ጨው ጠጥቶ የሚበቅል ሐረግ የት አይተሽ ታውቂያለሽ? ገበሬው ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል! ደግሞ አስተማሪ ነሽ ይሉሻል! የምታስተምሪያቸው ልጆች ያሳዝኑኛል!» በአማርኛ ጀመረ፣ አልበቃው ሲል ወደ ወላይትኛ ገባ፣ ያንን እዚህ አልደግመውም። የማረፊያ ቤቱ ዘበኛ እየሮጠ መጥቶ በሩን ደበደበ።

እኔ ቆሜ እሰማለሁ። እናቴ ታማ በነበረች ጊዜ አንድ ማሰሮ ንጥር ቅቤ ደፍታብን፣ «ኧረ ምንም አይደል እማዬ» ነው ያልናት። በእነዚያ ወራት አንድም ሰው ድምፁን ከፍ አላደረገባትም፣ አንድም። ሊሞት ባለ ሰው ላይ የሚጮህ ወላይታ አልተወለደም። ይሄ ሰውዬ ግን በእኔ ላይ ዘበኛ እስኪመጣ ይጮሃል! ሳቅ መጣብኝ። ያዝኩት፣ አልያዝ አለኝ፣ ግድግዳ ተደግፌ ሳቅኩ።

«ምን ያስቅሻል?» ብሎ ባሰበት።

«ድገመው» አልኩት።

«ምኑን?»

«ስድቡን። ‹አንቺ ሴትዮ› በለኝ እንደገና።»

አፉን ከፍቶ አየኝ። ከዚያ ገባው። እዚያው መታጠቢያ ቤቱ ደፍ ላይ ያን የሞተ ሐረግ እንደያዘ ተቀመጠና አለቀሰ። «ኃላፊው ሲያዝንልኝ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ» አለ። «ፊርማው እንዳይቀርብኝ ብዬ ነው። አንቺን እንዲህ እንደሚገድልሽ አላወቅኩም።» ዘበኛው በሩ ላይ ቆሞ ማንኛችንን እንደሚያባብል ግራ ገብቶታል።

ስንመለስ በግምገማው ላይ ራሱ ተነሥቶ፣ «ባለቤቴ አልታመመችም፣ ለመዝናናት ነው የወሰድኳት» ብሎ ተናገረ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡት።

(አቶ ማቴዎስ፦ «የተሰጠኝ ግን ስለ ፈቃዱ አይደለም። ‹ባለሙያው የከተሜ አመል ይታይበታል› ተብሎ ነው።»)

ከተሜ! በሞተር አቧራ ሲቅም የኖረ ሰው። አስቴር እስከ ዛሬ «ተፈውሳ ነው እንጂ» ትላለች፣ ምን አደርጋታለሁ። ወንድሜ አለመታመሜን ሲሰማ ሳምንት እንኳ አልቆየም፣ «እንግዲያው ስለዚያ መሬት እንነጋገር» ብሎ መጣ።

ከዚያ ወዲህ ግን ማቴዎስና እኔ የሐኪም ወረቀት አብረን ነው የምንከፍተው። አምና ዶክተሩ ስለ ማቴዎስ ልብ ሊነግረኝ ወደ ጎን ሲጠራኝ፣ «ቆይ ዶክተር፣ እሱም ይግባ» አልኩ። ገባ። ሰማ። ከበደው፣ አዎ ከበደው፣ ግን ብቻውን አልከበደውም። ከሐኪም ቤት እስከ ቤታችን በእግራችን መጣን፣ በየመንገዱ እያረፍን። ደብቀው የሚያፈቅሩ አሉ፣ እኔም ከእነሱ አንዷ ነበርኩ፣ ለእናቴ። ፍቅር አይደለም አልልም። ግን በሽተኛውን ብቻውን ይተወዋል።

(ምሕረት፦ «ታዲያ አክስቴ፣ ባሕሩስ? ባሕሩ እንዴት ነበር?»)

ባሕሩማ፣ ልጄ፣ አምስት ቀን ነበር የተቀመጥነው። ያየሁት በአምስተኛው ቀን ብቻ ነው። አራቱን ቀን ስሰናበተው ነበር።