ኖር፣ ኦክላንድ ወደብ ዳር

በጃንሆይ ዘመን ኦክላንድ ተማሪ ሳለሁ ነው። አከራዬ ወፍ ማየት ነፍሱ ነበር፤ ነሐሴ ማለቂያ ላይ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወደቡ ዳር ይዞኝ ሄደ። ከክሬኖቹ ወዲያ፣ ባሕሩ የሸሸበት ጭቃ ላይ፣ ከሰሜን የመጡ ትንንሽ ወፎች መሬት እስከማይታይ ድረስ ሰፍረዋል። ወፍ ሊያዩ የመጡት ሰዎች ሁሉ ሣሩ ላይ በደረታቸው ተኝተው በባይኖኩላር ያያሉ። «እንዳትነቃነቅ፤ ወፎቹ ከተነሡ አይመለሱም» አለኝ አከራዬ። እሺ ብዬ ተኛሁ።

ትንሽ ቆይቶ ከኋላዬ የከዘራ ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል የአከራዬ እናት፣ ፀጉራቸው እንደ ጥጥ የነጣ አሮጊት፣ ቀስ እያሉ ይመጣሉ። አስቤበት አይደለም፣ አስተዳደጌ ነው፤ ብድግ ብዬ «ኖር» አልኩ። ያ ሁሉ ወፍ ባንዴ ተነሣ። ሰማዩ ጠቆረ። ወዲያው ሁሉም አብረው ሲዞሩ ሆዳቸውን ፀሐይ አገኘውና እንደ ብር አብረቀረቀ፤ ደግሞ ጠቆረ። በላያችን ሲያልፉ የክንፋቸው ነፋስ ፊቴን ነካኝ። እኔ ስድብ እጠብቃለሁ፤ ሰው ሁሉ ግን አፉን ከፍቶ ሽቅብ ያያል።

ወፎቹ ከዓይን ሲጠፉ አሮጊቷ ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን ሆነህ ነው የተነሣኸው?»

«እርስዎ ሲመጡ ነዋ። እኛ አገር ትልቅ ሰው ሲመጣ ይነሣሉ እንጂ አይተኙም» አልኳቸው።

ከዘራቸውን ተደግፈው ባዶውን ሰማይ ሲያዩ ቆዩና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ወፎቹም እናንተ አገር ነው ያደጉት በለኛ» አሉኝ።