ወሰን ላይ ያልቆመ ጎረቤት

አጎቴን ወፍጮ ቤት በር ላይ ተቀምጠው ሳገኛቸው ገረመኝ። የመንደሩ ሰው ሁሉ የእርሻ ይዞታ ወረቀቱን ሊያሳድስ ከለኪዎቹ ጋር ማሳው ላይ ነው፤ እሳቸው ግን የሚያስፈጩት እህል እንኳ አልያዙም።

"ጋሼ፣ ዛሬ በእናንተ በኩል አይደለም እንዴ የሚለካው?" አልኳቸው።

"የዚያች ጎረቤቴ ተራ ነው። ወሰንተኛዋ እኔ ነኝ፤ ካልቆምኩላት አይለካላትም። እንግዲህ ትጠብቀኛለቻ!"

ጎረቤታቸው ባሏ የሞተባት፣ በሬ የሌላት ሴት ናት። መሬቷን ለዓመታት ምርቱን እኩል እየተካፈሉ ሲያርሱላት የኖሩት አጎቴ ነበሩ። አምና ግን መሬቱን ለልጇ ባል እንዲያርሰው ሰጠችው፤ እሱም ጉድጓድ ቆፍሮ ሽንኩርት አለማበት። ከዚያ ወዲህ አጎቴ በዚያ ሲያልፉ ፊታቸውን ያዞራሉ። ቅናት መቼም ክፉ ነው፣ ሽበት እንኳ አያከብርም!

"ምን በደለችዎ?"

"ስንት ዘመን ላቤን ያንጠፈጠፍኩበት መሬት ለትናንት መጤ ሲያምርለት ቆሽቴ ቢያርር ይፈረድብኛል? አዎ፣ ቀንቻለሁ! ደግሞ ወረቀት ልትጨምር? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ከታደሰላት ያ መሬት ከእጄ ወጣ ማለት ነው።"

"ባይታደስላትስ ይመለስልዎታል?"

በበትራቸው መሬቱን መጫር ጀመሩ።

"ወሰኑ እኮ የጋራ ነው ጋሼ። የእሷ ካልተለካ የእርስዎም ሳይታደስ ይቀራል።"

"ይቅራ! በሬ አለኝ፣ ጉልበት አለኝ፤ ማን ይደፍረኛል?"

እውነታቸውን ነው። ባለ በሬ ወረቀቱን እንደ ትርፍ ነገር ያየዋል። መሬቱን ለሌላ የሚያሳርስ ግን ያለ ወረቀት እንቅልፍ የለውም፤ ያረሰው ሁሉ "የኔ ነው" ሊለው ይችላል። መሬት የሌለው ወጣትም ቢሆን ነገ የማን እንደሚሆን ባላወቀው ማሳ ጉድጓድ አይቆፍርም።

"አይቆጡኝና፣ እርስዎ ሲያልፉ በሬውን ማን ይጠምዳል?"

"ወይ ሟርተኛ!"

"የሚቀሩት ባለቤትዎ፣ እትዬ ናቸው። እሳቸውም ለሌላ ያሳርሳሉ። እንደ እርስዎ ያለ ወሰንተኛ ቢገጥማቸውስ?"

አጎቴ በትራቸውን አነሡ፤ መታኝ ስል ተደግፈውት ቆሙ። "አስተምረንህ ጉድ ሆንን!" ብለው መንገድ ጀመሩ።

ማሳው ስንደርስ ጎረቤትየዋ ፀሐይ ላይ ቆማ እየጠበቀች ነበር። ሰላምታ እንኳ አልሰጧትም። ግን የወሰኑን ድንጋዮች አንድ በአንድ፣ ስንዝር ሳይገፉ አሳዩላት። ሽንኩርቱን ሲያዩ ከንፈራቸውን ነከሱ፤ ቅናቱ አልለቀቃቸውም።

የራሳቸው ተራ ሲደርስ ለኪው "ባለይዞታ?" አለ።

"እኔና ሚስቴ" አሉና ወደ ቤታቸው ዞረው ተጣሩ። "አንቺ! ነይ፣ ወሰንሽን እይ!"

ሚስታቸው እጃቸውን በቀሚሳቸው እያደረቁ መጡ። "ደግሞ ዛሬ ምን ተገኘ? ከተጋባን ጀምሮ አሳይተውኝ የማያውቁትን!"

አጎቴ ጎረቤትየዋ እየሰማች መለሱ፦

"ነገ እንደኔ ያለ ጎረቤት ይገጥምሽ ይሆናል፤ እኔ ቆሜ ሳለሁ እወቂው።"