ላፕቶፑን በብረት ጠፍንጌው ነበር

ሁለተኛው ላፕቶፕ ከትምህርት ቤታችን የተሰረቀ ዕለት «ይህን የቀረውን እስቲ ይሞክሩኝ!» ብዬ ፎከርሁ። እዚሁ ደብረ ታቦር ብየዳ ቤት ቆሜ፣ ከአሮጌ አልጋ ብረት፣ ላፕቶፑን ከነክዳኑ ጥርቅም አድርጎ የሚይዝ ማቀፊያ አሠራሁ። ከጠረጴዛው ጋር በቡሎን አሰርሁት፤ ጓጉንቸርም አንጠለጠልሁበት። መምህራን ሁሉ ስለምንሠራበት ቁልፉን ለዘበኛችን ለአያ ተገኘ አደራ ብዬ ሰጠኋቸው።

ሰኞ ጠዋት ስገባ ብረቱ አልተጫረ፣ ጓጉንቸሩም እንደተቆለፈ ነው። ላፕቶፑ ግን የለም! የተማሪዎቼ ውጤት በሙሉ እሱ ላይ ነበር።

«አያ፣ ቁልፉ የት ነው?»

«ከበሩ በላይ፣ ጉበኑ ላይ ነዋ! የበሩም እዚያው ነው። ሰው ቁልፍ ሌላ የት ያኖራል? የመጣ መምህር ደጅ ይቁም?»

እጃቸውን ሰድደው ሁለቱንም ቁልፍ አወረዱልኝ። ደሜ ፈላ። አባቴን የሚያክሉ ሽማግሌ እንዴት አድርጌ ልስደብ? አንቱ እያሉ መሳደብ ደግሞ አያረካም። ጥርሴን ነክሼ «ሌባውኮ በዚሁ ቁልፍ ነው የከፈተው!» አልኋቸው።

አያ ተገኘ ቁልፉን አገላብጠው አዩት። «ከፍቶ፣ መልሶ ቆልፎ፣ ቁልፉንም ቦታው አኑሮ ሄደ? ይሄማ የሩቅ ሰው አይደለም፤ የቤታችን ሰው ነው» አሉኝ።

ዞር ስል መምህራኑ በሩ ላይ ተሰብስበው «እግዜር ይተካው» እያሉ እጃቸውን ይዘረጉልኛል። የአንዳቸውንም አልጨበጥሁም።