ሦስተኛውን ዘፈን ያፈጠንኩት እኔ ነኝ

ክቡራትና ክቡራን፣ (ከባንዱ ክብርት አክስቴ ብቻ ብትሆንም ሥርዓቱ እንዳይጓደል ብዬ ነው) ስለ ሽኝቱ አመሰግናለሁ። ሃያ ሦስት ዓመት ለራሳችሁ ያልጠረጋችሁትን ወለል ለእኔ ጠርጋችኋል።

እንግዶች ስላሉ ታሪካችንን ባጭሩ ልናገር። ይህ የሮክ ባንድ የተመሠረተው እዚሁ ጎማ ጥገና ቤት ውስጥ፣ እኔ ከመወለዴ ስድስት ዓመት በፊት ነው። አክስቴ ጊታር፣ ፋርማሲስቱ ዘፋኝ፣ የቤቱ ባለቤት ጋሼ ጎማ ደግሞ ድራም። አንድ አሳታሚ መጥቶ "ጸጉራችሁን ተቆረጡና ላሳትማችሁ" ሲላቸው እምቢ አሉ። አሁን ጸጉሩ በገዛ ፈቃዱ ሄዷል፤ አሳታሚው ግን አልተመለሰም።

በራሳቸው ስድስት አልበም አወጡ። ሕጋቸው አንድ ነው፤ አብረው አንዴ ይጫወታሉ፣ የተቀዳው አይነካም። ሁለተኛው አልበም ላይ የጭነት መኪና ጥሩንባ አለ። አራተኛው ላይ ፋርማሲስቱ ያስላሉ። መድኃኒት ቤት ያላቸው ሰው! እዚያ ቦታ ስንደርስ ተመልካቹ ሁሉ አብሮ ያስላል።

ከሁለት ዓመት በፊት ቤዝ የሚጫወት ጠፋና እኔን አስገቡኝ። አክስቴ "ኮምፒውተር ታውቂ የለ፣ ቅጂውንም አንቺ ያዢው" አለችኝ። ጉዴ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ሰባተኛውን አልበም ስንቀዳ፣ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ጋሼ ጎማ ከምቱ ዘገዩ። ስልሳ አራት ዓመታቸው ነው፤ ትከሻቸውን ያማቸዋል። እኔ ግን አፈርኩባቸው። ጓደኞቼ እንዳይስቁብኝ ብዬ፣ ለማንም ሳልናገር የእሳቸውን ድራም አውጥቼ በኮምፒውተር ድራም ተካሁት።

ስናዳምጠው ምን ሆነ? ፋርማሲስቱ ጋሼን "አንተ ሰውዬ፣ ምን ወስደህ ነው? ከእኔ ቤትማ አልገዛህም!" አሏቸው። ጋሼ እጃቸውን አገላብጠው አዩት። "ገና ነኝ ማለት ነው" አሉ። ከዚያ ጎማ ላስጠገነ ሰው ሁሉ አሰሙ። እኔ ስልኬ ላይ አቀርቅሬ አምስት ሳምንት ዝም አልኩ።

ዛሬ ጠዋት ነገርኳቸው። ጎማ እየፈቱ ነበር።

"ታዲያ የሚመታው ማነው? ጎበዝ ልጅ ነው" አሉኝ።

"ማንም አይደለም፣ ጋሼ።"

መፍቻውን አስቀመጡ። "ለእነሱም ንገሪያቸው። ከእኔ አፍ አይወጣም።"

ይኸው ነገርኳችሁ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ትናንት ዋናውን ቅጂ ደግሜ ሰማሁት። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ጋሼ ይዘገያሉ። አክስቴ ጊታሯን ታዘገያለች። ፋርማሲስቱ ትንፋሻቸውን ይዘው ይቆያሉ። የእኔው ቤዝ እንኳ፣ ሳላውቀው፣ ይጠብቃቸዋል። ከኮምፒውተሩ ድራም ጋር እንድንገጥም ብዬ ሁላችንንም ቆራርጬ አፍጥኜ ነበር፤ ያ መጠባበቅ አብሮ ተቆርጦ ሄደ።

አልበሙ ሰኞ ይወጣል። ዋናው ቅጂ ፍላሹ ላይ አለ፣ አልተነካም። ጋሼ፣ ይኸው፣ በእጅዎ አደርገዋለሁ። የትኛው እንደሚወጣ እርስዎ ይወስኑ። እኔ ነገ የምሄደው፣ እንዳትስቁ፣ የድምፅ ቅጂ ልማር ነው።

ጋሼ፣ ትከሻዎን ያበርታልዎ። አክስቴ፣ ጣቶችሽ አይዛሉ። ፋርማሲስቱ፣ ድምፅዎ ይሰንብት። ሁላችሁም በምትዘገዩበት ቀን፣ ሳይነግራችሁ አብሯችሁ የሚዘገይ ሰው አይጥፋ።