የእርጎው ጉንጭ

(ናሚቢያ፣ በረሃ ዳር ባለች የሂምባ ጎሳ መንደር፤ ፎቶ አንሺው አሰግድና የመጽሐፉን ጽሑፍ የምትጽፈው ውባለም መኪና ውስጥ ተቀምጠዋል፤ እሷ የካሜራውን ስክሪን ማየት እንኳ አንገሽግሿታል።)

ውባለም፦ አጥፋው አልኩህ! ዓይኔ እያየ አጥፋው።

አሰግድ፦ አበድሽ እንዴ? ያን ሁሉ አሸዋ ስቅም የከረምኩት ለዚህች አንድ ፎቶ ነው። የመጽሐፋችን ሽፋን ናት።

ውባለም፦ ዝሆኑን አድርገው ሽፋን። ቀጭኔዋን አድርጋት። ይሄን ልጅ ግን ተወው።

አሰግድ፦ ዝሆን ያላነሳ ማን አለ? ይሄን ፊት እይውማ! ዓይኑን እይ፣ ዝንቡን እይ...

ውባለም፦ አታስጠጋብኝ!

አሰግድ፦ ዝንብ አይተሽ አታውቂም? ከብት አርቢዎች እኮ ናቸው፤ ዝንብ ምን ይገርማል?

ውባለም፦ ታዲያ የሌሎቹ ልጆች ፊት ላይ ለምን የለም?

አሰግድ፦ እኔን ትጠይቂኛለሽ? የዝንብ አለቃ ነኝ?

ውባለም፦ እናትየዋ በቅል የሰጠችህን እርጎ ጠጣኸው?

አሰግድ፦ ቀመስኩት። ምነው?

ውባለም፦ ጣትህን ነክረህ የልጁን ጉንጭ ስትቀባ አይቼሃለሁ። እዚሁ መስኮት ላይ ሆኜ።

አሰግድ፦ እሺ፣ ቀባሁት። ምን ይጠበስ? ፀሐይዋ ልትጠልቅብኝ ነበር። ልጁ እንደሆነ አላለቀሰም። እርጎ እኮ ነው፣ መርዝ አይደለም!

ውባለም፦ ቱ! ሴትዮዋ እንግዳ ብላ ከልጆቿ አፍ ቀንሳ የሰጠችህን! ጠዋት ከአንድ ሳህን አብሬህ መብላቴ ራሱ ቀፈፈኝ።

አሰግድ፦ ኧረ አታካብጂው።

ውባለም፦ «ፈረንጅ ወሎ ድረስ መጥቶ፣ ዝንብ የወረራቸውን ልጆቻችንን አንስቶ፣ በዓለም ፊት አዋረደን» እያልክ በየስብሰባው ጠረጴዛ የምትደበድበው አንተ አይደለህም?

አሰግድ፦ እሱ ሌላ ነው። እኛ አፍሪካውያን ነን፤ በፍቅር ነው የምናነሳቸው።

ውባለም፦ ፈረንጁ ዝንቡን እዚያው ነው ያገኘው። አንተ ጠርተህ አመጣኸው! ምን ዓይነት ፍቅር ነው ይሄ?

አሰግድ፦ በቃ! ማን አየ? አንቺ ካልለፈለፍሽ ማንም አያውቅም።

ውባለም፦ እናትየዋ አይታለች።

አሰግድ፦ አይታ ምን አለች? እንዲያውም ፈገግ አለችልኝ።

ውባለም፦ ለምን ፈገግ እንዳለች ታውቃለህ? ቋንቋቸውን በሚያውቀው ሾፌራችን በኩል አስጠየቀችኝ። «በአገራችሁ ልጅ የሚመረቀው እንዲህ ነው?» አለችኝ።

አሰግድ፦ ምን አልሻት?

ውባለም፦ ምን ልበላት? ሐፍረቴን ውጬ «አዎ» አልኳት።

አሰግድ፦ ተመስገን! ይኸው በሰላም አለቀ። በይ ሾፌሩን ጥሪውና እንሂድ።

ውባለም፦ ወዴት? እስቲ ዞር ብለህ እይ። ጎረቤቶቿን ጠርታ፣ የመንደሩን ሕፃናት በሙሉ አሰልፋ፣ እርጎውን በቅል ሞልታ ቆማልሃለች። ውረድና መርቃቸዋ!