ባለከረባቱ ዘፋኝና የእኔ ግጥም

የማያምነኝ ካለ ጎረቤቴን አያ ጎበዜን ይጠይቃቸው። የአዲስ አበባ ሰዎች ፊልምና ሙዚቃ ይዘው ሰቆጣ የመጡ ዕለት «ዘፋኙን ግጥሜን ሳላስዘፍነው አልመለስም» ብዬ ፎከርኩ። እሳቸውም «ካልዘፈነልህ እስከ ፋሲካ ማኅበር ላይ አፍህን አትከፍትም» ብለው አስማሉኝ። ለእኔ ደግሞ አፍ መዝጋትና መቀበር አንድ ነው። ፊልሙን እህል መጋዘን ውስጥ፣ መስኮቱን ጋርደው፣ አንሶላ ላይ አሳዩን። ፊልሙ ላይ የሚታየው የጥምቀት በዓል ነው። ታቦቱ ብቅ ሲል መጋዘኑ በሙሉ ተነሥቶ እልል አለ። አሳዪው «ኧረ ተቀመጡ፣ ሥዕል ነው!» ቢል ማን ሰምቶት! ታቦት ቆሞ ማን ይቀመጣል?

ከዚያ ሙዚቃው ወዳለበት ሜዳ ሄድን። ሰዉ ከመብዛቱ የተነሣ ተራሮቹ ፈቀቅ ብለውልናል፤ ጥሩንባው ሲነፋ ከሩቅ አገር የአምደወርቅ አህዮች መለሱለት። ከረባት ያሰረው ዘፋኝ ሲጀምር፣ ለአዝማሪያችን እንደምለው «ተቀበል!» ብዬ ጮኽኩ። ዘፈኑን አቁሞ «ምን ሰጠኸኝና ልቀበል?» አይለኝም! ሰዉ ሳቀብኝ፤ ፖሊሱ አንገቴን ያዘኝ፤ አያ ጎበዜም «በል እንግዲህ፣ እስከ ፋሲካ!» አሉ። እኔም በፖሊሱ እጅ እንደተንጠለጠልኩ፦

አንገትህን በጨርቅ ታስረህ የመጣህ፣
ሰቆጣ ገብተሃል ተፈታ ጣጣህ!

ዘፋኙ ከረባቱን ዳሰሰ፣ ሳቀ፣ ፈትቶ ወረወረውና ግጥሜን ተቀብሎ ሦስቴ ደጋገመው። ፖሊሱም ለማጨብጨብ ሲል ለቀቀኝ። ወደ ቤት ስንመለስ አያ ጎበዜ ከኋላዬ ሲያንጎራጉሩ ሰማሁ። «አያ፣ ምን አሉኝ?» ብላቸው፣ «ዝም በል! እየዘፈንኩ ነው» አሉኝ።